ምዕራፍ ስድስት፦ ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። በአንድ ስኳር ፋብሪካ በጀማሪ ፕሮሰስ ኢንጂነርነት ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ። የሌሊቱ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ጠርተውኝ ስገባ አንዲት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ይዘዋል። ውስጧ ያለው ወደ ቦይለር ከሚመለሰው መስመር የተቀዳ ውሃ ነው። ጥቂት ጠብታ አልፋ ናፍቶል ጨምረውበት፣ ሰልፈሪክ አሲድ በቱቦዋ ግድግዳ ቀስ አድርገው አውርደውበታል። ሁለቱ ፈሳሾች በተገናኙበት ወሰን ላይ ሐምራዊ ቀለበት ተሠርቷል።

«ልጄ፣ ስኳር ወደ ቦይለር እየሄደ ነው፤ ቶሎ በል» አሉኝ።

«እትዬ፣ ትንሽ ስኳር ቢገባ ምን ያደርገዋል?»

«ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቅ ነው እንዴ እዚህ የቆምከው?»

ፈተና ላይ የኤቫፖሬተር ስሌት ሠርቼ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ነገር ግን ከኤቫፖሬተሩ የሚወጣው ትኩስ ውሃ ተደፍቶ እንደማይቀር፣ ንጹሕና ሙቅ ስለሆነ ተመልሶ ቦይለሩን እንደሚመግብ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። የአገዳው ጭማቂ ኤቫፖሬተሩ ውስጥ አለቅጥ ሲፈላ ጥቃቅን ጠብታዎች ከእንፋሎቱ ጋር ይነሡና ስኳር ተሸክመው ወደዚያ ውሃ ይገባሉ። ስኳር ደግሞ የቦይለርን ሙቀት አይችልም፤ ፈርሶ አሲድ ይሆናል። ውሃው አረፋ ያወጣል፣ ብረቱ ይበላል፣ ቱቦዎቹ ላይ ከሰል የመሰለ ቅርፊት ይለጠፋል። መስመሩን ወደ ፍሳሽ አዙረን በምትኩ የታከመ ውሃ እስክናስገባ ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ብዙ ፋብሪካ አይቻለሁ፤ ብዙ ተማሪም አግኝቻለሁ። ተማሪዎቹ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተምረን የት እንቀጠራለን?» መልሴ ከእትዬ የተማርኩት ነው። የፋብሪካውን ስም ሳይሆን ውሃውንና እንፋሎቱን ተከተሉ። ስኳር ይሁን ቢራ፣ ጨርቅ ይሁን ቆዳ ወይም መድኃኒት፣ ውሃ በሚገባበትና ቆሽሾ በሚወጣበት፣ እንፋሎት በሚፈላበት ቦታ ሁሉ የእናንተ ሥራ አለ። ችግሩ ማስታወቂያው ላይ በእናንተ ስም አለመጻፉ ነው።

የሙያው ስም ከየት መጣ?

ብዙ ሰው ኬሚካል ኢንጂነር ሲባል ነጭ ካፖርት ለብሶ ብልቃጥ የሚነቀንቅ ሰው ይመስለዋል። ያ ኬሚስት ነው፤ ሥራውም የተከበረ ነው። ኬሚካል ኢንጂነር ግን በብልቃጥ የተሠራውን በቶን መሥራት የሚያውቅ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጆርጅ ዴቪስ የተባለ እንግሊዛዊ በማንችስተር ከተማ ስለ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተከታታይ ትምህርት ሰጠ። ዴቪስ የፋብሪካ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲዞር ያስተዋለው ነገር ነበር። ሳሙና የሚሠራውም፣ አሲድ የሚሠራውም፣ ቀለም የሚሠራውም ፋብሪካ በውስጡ የሚፈጸመው ተግባር ተመሳሳይ ነው፤ ማፍላት፣ ማትነን፣ ማጣራት፣ ማድረቅ፣ ማቀላቀል። በማግሥቱ ዓመት በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በኬሚካል ኢንጂነሪንግ ስም የመጀመሪያውን የዲግሪ ትምህርት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1915 ደግሞ አርተር ሊትል እነዚህን ተግባራት «ዩኒት ኦፕሬሽን» ብሎ ጠራቸው፤ ዛሬም ተማሪዎቻችን በዚሁ ስም ያጠኗቸዋል።

ሐሳቡ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። አረቄ የምታወጣ እናት ጌሾውንና ብቅሉን ታቦካለች፣ ድፍድፉን ትጥዳለች፣ ትነቱን በሸምበቆ አሳልፋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ትቀበላለች። አልኮል በ78 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ስለሚፈላ ቀድሞ የሚወርደው ጠንካራው ነው፤ መቼ መቆም እንዳለበት እሷ በምላሷ ታውቃለች። በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስን አቡክቶ ኤታኖል የሚያወጣው ረጅም የብረት አምድ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ከእሷ ማሰሮ የሚለየው በመጠኑ፣ አንዱን ትነት ደጋግሞ በማጣራቱና እሷ በምላሷ የምታውቀውን በቴርሞሜትር በመለካቱ ነው። ይህን ዝምድና ያየ ተማሪ ከአረቄ ወደ ኤታኖል፣ ከኤታኖል ወደ ነዳጅ ማጣሪያ፣ ከዚያም ወደ ሽቶ ፋብሪካ መሻገር አያስፈራውም።

ስኳር

አንድ ተማሪ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሙያውን በሙሉ ማየት ከፈለገ ስኳር ፋብሪካ ይሂድ። ይህን የምለው ያደግሁበት ቤት ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ወንጂ ኤች.ቪ.ኤ. በተባለ የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር ለአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ ነበር። መተሐራ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ፤ ፊንጫ በ1990ዎቹ መጣ፤ ከሰም፣ አርጆ ደዴሳና የኦሞ ኩራዝ ፋብሪካዎች ደግሞ ከዚያ በኋላ ናቸው። በሁሉም ውስጥ የሚካሄደው ነገር በመሠረቱ አንድ ነው። አገዳው ይጨፈለቃል፤ ጭማቂው በኖራና በድኝ ጭስ ይጠራል፤ ውሃው ይተናል፤ ወፍራሙ ሽሮፕ ፓን በሚባል ዕቃ ውስጥ በዝቅተኛ ግፊት በ65 ዲግሪ ገደማ እየፈላ ይረጋል፤ የረጋው ስኳር በፍጥነት በሚሽከረከር ወንፊት ከሞላሰሱ ይለያል፤ ይደርቃል፣ በከረጢት ይሞላል። የተጨመቀው አገዳ፣ ማለትም ባጋሱ፣ ወደ ቦይለር ሄዶ ይነድዳል፤ እንፋሎቱ ተርባይን አዙሮ መብራት ያመነጫል፤ ከተርባይኑ የወጣው እንፋሎት ተመልሶ ጭማቂውን ያተናል። ከ100 ቶን አገዳ 10 ቶን ገደማ ስኳር፣ 30 ቶን ገደማ ባጋስ፣ 4 ቶን ገደማ ሞላሰስ ይገኛል። የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ፤ ሙያው ያለው እዚህ ውስጥ ነውና። 100 ቶን ጭማቂ አለን እንበል፤ ከመቶው 15 እጁ ስኳር ነው። ከመቶ 60 እስኪሆን ድረስ ልናወፍረው እንፈልጋለን። ስኳሩ 15 ቶን እንደሆነ ይቆያል፤ የትም አይሄድም። 15 ቶን የአጠቃላዩ 60 በመቶ እንዲሆን አጠቃላዩ 25 ቶን መሆን አለበት። ስለዚህ 75 ቶን ውሃ መትነን አለበት። አንድ ቶን ውሃ ለማትነን በግምት አንድ ቶን እንፋሎት ያስፈልጋል፤ እንግዲህ 75 ቶን እንፋሎት መሆኑ ነው። ባጋሱ ይህን ሁሉ እንፋሎት ሊያፈላ አይችልም፤ ፋብሪካው እንጨት ወይም ነዳጅ ሊገዛ ነው።

መፍትሔውን ያመጣው ኖርበር ሪልየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 በኒው ኦርሊንስ ተወለደ፤ እናቱ ነፃ ጥቁር አሜሪካዊት፣ አባቱ ነጭ የእርሻ ባለቤት ነበሩ። በሉዊዚያና የጥቁር ልጅ ሊማርበት የሚችል የምህንድስና ትምህርት ቤት ስላልነበረ ፓሪስ ተልኮ ተማረ፤ እዚያውም አስተማረ። በትውልድ አገሩ ስኳር የሚፈላው በክፍት ድስቶች ተርታ ነበር፤ በባርነት የተያዙ ሰዎች የሚንፈቀፈቀውን ጭማቂ በረጅም ጭልፋ ከድስት ወደ ድስት ይገለብጡ ነበር። ስንቱ በዚያ ተቃጥሏል። ሪልየ እ.ኤ.አ. በ1843 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት መሣሪያ ተዘግተው የተገጣጠሙ ዕቃዎችን ይጠቀማል። ከመጀመሪያው ዕቃ የወጣው ትነት ሁለተኛውን ያፈላል፣ የሁለተኛው ሦስተኛውን፤ ግፊቱ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየቀነሰ ስለሚሄድ ጭማቂው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በአራት ዕቃ ከሠራን አንድ ቶን እንፋሎት አራት ቶን ያህል ውሃ ያተናል፤ 75 ቶን የነበረው ፍላጎት ወደ 19 ቶን ይወርዳል። ዛሬ ወንጂም መተሐራም ውስጥ ያለው ኤቫፖሬተር የዚያ ሰው ልጅ ነው። ስሙ በእኛ ክፍሎች ውስጥ ሲነሣ አልሰማሁም፤ መነሣት ነበረበት።

ታዲያ በዚህ ፋብሪካ ውስጥ ሥራው በምን ስም ይገኛል? «የፈረቃ መሪ»፣ «የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ»፣ «የኤታኖል ክፍል ኃላፊ»፣ «የቦይለር ውሃ ሕክምና ባለሙያ»፣ «የምርት ዕቅድ ባለሙያ»፣ «የፓን ክፍል ተቆጣጣሪ»። የመጨረሻው ሥራ በተለይ የሚደንቅ ነው። የስኳር ፍሬ መቼ እንደሚወለድ፣ መቼ እንደሚያድግ የሚያውቅ የፓን ኦፕሬተር በመስታወት ላይ ጠብታ ዘርግቶ በጣቱ ይዳስሳል፤ እናንተ ደግሞ የእሱን ጣት ወደ ቁጥር ትተረጉማላችሁ። ትሕትና ከሌላችሁ አይነግራችሁም።

ኑሮው ግን ቀላል አይደለም። ስኳር ፋብሪካ ያለው ቆላ ነው፤ ሙቀት አለ፣ ወባ አለ፣ ቤተሰብ ሩቅ ነው። አገዳ በሚፈጨበት ወቅት ቀንና ሌሊት እሑድና በዓል የለም። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ማስታወቂያ መጠበቅ ይቀላል የሚሉ ወጣቶችን እረዳቸዋለሁ። ሆኖም በዚያ የሚያሳልፉት ሁለት ዓመት ሌላ ቦታ በስድስት ዓመት የማይገኝ ትምህርት ስለሚሰጥ፣ ዕድሉን ያገኘ ሰው እንዲሄድ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከተማው የሚጠጣውና የሚጥለው

አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ የምትጠጣው ውሃ ከግድብ ሲመጣ ጭቃ ነው፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። በውሃው ውስጥ የተበተነው የሸክላ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ በራሱ አይዘቅጥም፤ ሁሉም ቅንጣቶች አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አልሙኒየም ሰልፌት ሲጨመር ሙላቸው ይከሽፋል፤ ተያይዘው ይከብዳሉ፣ ይዘቅጣሉ። ከዚያ በአሸዋ ይጣራል፣ ክሎሪን ይጨመራል። ምን ያህል አልሙኒየም ሰልፌት? የሐምሌ ውሃና የጥር ውሃ አንድ አይደሉም። ስለዚህ በስድስት ብርጭቆ የተለያየ መጠን ጨምሮ፣ አማስሎ፣ የትኛው ቶሎ እንደጠራ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። አልሙኒየም ሰልፌቱም ከሰማይ አይወርድም፤ አዋሽ መልካሳ ላይ ሰልፈሪክ አሲድና አልሙኒየም ሰልፌት የሚያመርት ፋብሪካ አለ። እንግዲህ በአንዲት ብርጭቆ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ሁለት የሥራ ቦታዎች አያችሁ። በየክልሉ ከተሞች ያለውን የውሃ ጽሕፈት ቤት ብትቆጥሩ ደግሞ ስንት ይሆናል!

የቆሸሸው ውሃ ያለው የሥራ ዕድል ከንጹሑም ይበልጣል። ሞጆን እንውሰድ። የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ናት፤ ወንዟም ይህን ሸክም ስትሸከም ኖራለች። በተለመደው አሠራር ቆዳው በክሮሚየም ጨው ይለፋል፤ ከሚጨመረው ክሮሚየም ውስጥ ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው፤ የቀረው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ቀደም ብሎ ፀጉሩን ለመመለጥ የገባው ኖራና ሰልፋይድም አለ። ሁለቱን ፍሳሾች ሳይጠነቀቁ ቢያቀላቅሉ፣ የክሮሚየሙ ፍሳሽ አሲድ ሰልፋይዱን ነክቶ ሰው የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ክሮሚየሙን ለብቻው ለይቶ፣ በአልካሊ አዝቅጦ፣ እንደገና በአሲድ አሟሙቶ ወደ ማልፊያው በርሜል መመለስ ይቻላል። ይህን የሚሠራ መሐንዲስ ለባለ ፋብሪካው ገንዘብ ያድናል፣ ከታች ወንዙን ለሚጠጡት ከብቶችና ሰዎች ደግሞ ጤና። እንዲህ ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ የሚጠቅም ሥራ በዓለም ላይ ብዙ የለም፤ ለዚህ ሥራ ያለኝን ፍቅር አልደብቅም።

ሐዋሳ ላይ ሌላ ታሪክ አለ። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከሐይቁ አጠገብ ስለሆነ አንዲት ጠብታ ፍሳሽ እንኳ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ ተሠራ። የጨርቅ ማቅለሚያው ውሃ በረቂቅ ተሕዋስያን ይጸዳል፣ ሜምብሬን በሚባል ስስ ማጣሪያ ውስጥ ይገፋል፣ ተመልሶ ለማቅለሚያ ይውላል። በመጨረሻ የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ይተናል፤ ያው የማትነን ጥበብ ከሉዊዚያና አገዳ እስከ ሐዋሳ ጨርቅ ደረሰ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስትወጣ ከፓርኩ የለቀቁ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ብዙ ሰውም ሥራውን አጣ። ልብስ መስፋት ብቻ የሚያውቀው ሌላ ስፌት ፋብሪካ ሊፈልግ ግድ ነው። ሜምብሬን ማጠብና ማስተዳደር የሚያውቀው ግን ወደ ታሸገ ውሃ ፋብሪካ፣ ወደ ቢራ፣ ወደ ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ክፍል ሊሄድ ይችላል። ሜምብሬኑ በሁሉም ዘንድ ያው ሜምብሬን ነው።

ቢራና መድኃኒትም ከዚሁ መንገድ ዳር ናቸው። ከቢራው ከዘጠኝ አስረኛው በላይ ውሃ ነው፤ አንድ ሊትር ቢራ ለመሥራት ደግሞ ከ4 እስከ 7 ሊትር ውሃ ይወጣል። ትርፉ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣ፣ ቦይለር ነው። አንዱን ሊትር ለመቀነስ የሚደክም ሰው ቦታ አያጣም። መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ በመርፌ ለሚሰጥ መድኃኒት የሚውለው ውሃ ከማንኛውም ጥሬ ዕቃ በላይ ጥብቅ ቁጥጥር አለበት፤ በቂሊንጦው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚከፈት እያንዳንዱ መድኃኒት ፋብሪካ ለመድኃኒት የሚውለውን ውሃ የሚያዘጋጅ፣ የሚመዘግብ፣ ለተቆጣጣሪ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋል። ሴት ተማሪዎች ስለ ማርጋሬት ሁቺንሰን ሩሶ እንዲያነቡ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1937 ከማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በኬሚካል ኢንጂነሪንግ የዶክትሬት ዲግሪ የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ፔኒሲሊን በጠርሙስ ጥቂት በጥቂት በሚመረትበት ጊዜ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በትላልቅ ታንኮች ውስጥ እንዲቦካ የሚያስችለውን የመጀመሪያ የንግድ ፋብሪካ ንድፍ መርታለች። ሻጋታውን ያገኘው ፍሌሚንግ ነው፤ ለቁስለኛው በበቂ መጠን እንዲደርስ ያደረጉት ግን እንደ እሷ ያሉ መሐንዲሶች ናቸው።

ሲሚንቶ ብቻ ከዚህ መንገድ ወጣ ይላል፤ እዚያ የሚገዛው እሳት ነው። በጣሊያን ዘመን ከተተከለው ከድሬዳዋ ጀምሮ ሙገር፣ መሰቦ፣ ደርባ፣ ለሚ ሁሉም የሚሠሩት በ1,450 ዲግሪ ገደማ በሚነድ ምድጃ ነው። የድንጋዩን ቅንብር በየሰዓቱ መለካትና ነዳጁን መቆጠብ የሚወድ ሰው ይሞክረው፤ አቧራውን ግን አስቀድሞ ይወቅ።

ያልተሠራውን ፋብሪካ አትጠብቁ

ያዩ በተባለው ቦታ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ የሚሠራ ታላቅ ፋብሪካ ሊተከል ነው በተባለ ጊዜ ብዙ ተማሪ ተስፋውን በዚያ ላይ ጣለ። ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ቀረ። አሁን ደግሞ ተስፋው በሶማሌ ክልል ወደምትገኘው ጎዴ ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በተፈረመው ስምምነት መሠረት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ከዚያው ክልል በሚወጣ የተፈጥሮ ጋዝ እንዲሠራ ታቅዷል። ገበሬያችን የሚዘራበት ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ስለሚመጣ፣ ይህ እንዲሳካ ከልቤ እመኛለሁ። ከጋዙ ሃይድሮጂን ማውጣት፣ ከአየር ናይትሮጂን ጋር በብረት ካታሊስት ላይ በከፍተኛ ግፊት አዋህዶ አሞኒያ መሥራት፣ አሞኒያውን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህዶ ዩሪያ ማድረግ፤ ይህ የሙያችን ትልቁ ዙፋን ነው።

ግን ለዚያ ፋብሪካ የሚዘጋጅ ሰው የሚዘጋጀው በመጠበቅ አይደለም። ፋብሪካው ቢተከል የሚቀጥረው ቦይለር ያስተዳደረ፣ ኮምፕረሰር ያየ፣ ሌሊት ፈረቃ የቆመ ሰው ነው። አሞኒያ ለማየት ጎዴን መጠበቅ የለባችሁም፤ ቢራ ፋብሪካዎች ለማቀዝቀዣ የሚጠቀሙበት ይኸንኑ አሞኒያ ነው። ዛሬ በቢራ ፋብሪካ የአሞኒያ መስመር ደኅንነት ላይ የሚሠራ ወጣት ነገ ጎዴ ሲጠራው ባዶ እጁን አይሄድም።

ደኅንነት ካልኩ ዘንድ፣ ራሱን የቻለ የሥራ መስክ መሆኑን ልናገር። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1974 በእንግሊዝ ፍሊክስቦሮ የሚገኝ የኬሚካል ፋብሪካ ፈንድቶ 28 ሰዎች ሞቱ። በተርታ ከተያያዙት ትላልቅ ዕቃዎች አንዱ ተሰንጥቆ ሲነሣ፣ ፋብሪካው እንዳይቆም ጊዜያዊ ማለፊያ ቧንቧ ተሠራ፤ ንድፉ በወርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ የተሳለ ነበር። ይህን መመርመር የነበረበት መሐንዲስ ለቅቆ ቦታው ክፍት ነበር። ፍሊክስቦሮን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም። በአገራችን ፋብሪካዎች «ለጊዜው ነው» ተብሎ የተበየደ ቧንቧ በየማዕዘኑ አይቻለሁ። ይህ ቢዘጋ፣ ያ ቢሞቅ፣ ፍሰቱ ቢገለበጥ ምን ይሆናል ብሎ መስመር በመስመር የሚጠይቅ ሰው ኢንሹራንሱም፣ ባንኩም፣ ባለ ፋብሪካውም ይፈልገዋል።

ከፋብሪካው አጥር ውጭ

ሁሉም ሰው ለፈረቃ አልተፈጠረም። ኬሚካል፣ ፓምፕና የላቦራቶሪ ዕቃ የሚያስመጡ ድርጅቶች የሚሸጡትን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። የአካባቢ ጥበቃና የደረጃ መሥሪያ ቤቶች፣ የፕሮጀክት ጥናት የሚያዘጋጁ አማካሪዎች፣ ብድር የሚገመግሙ ባንኮችም እንዲሁ። አንዲው ግሮቭ እ.ኤ.አ. በ1960 ከኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ በኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ፣ ኋላ ኢንቴልን መርቷል፤ የኮምፒውተር ቺፕ ማምረት ጋዝ፣ አሲድና ሙቀት መቆጣጠር ስለሆነ መንገዱ ሩቅ አልነበረም።

ምርምር የሚወድ ደግሞ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌን ይመልከት። አዲስ አበባ የተወለዱት ሶስና የግዕዝ ሊቁ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ናቸው። በማቴሪያል ሳይንስ ሠልጥነው በካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም የማቴሪያል ሳይንስና የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ፕሮፌሰር ሆነው ሠርተዋል፤ ዛሬ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ጠጣር አሲድ በመጠቀም ሃይድሮጂንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የነዳጅ ሴል በመሥራት ይታወቃሉ። አባት የብራና ሊቅ፣ ልጅ የነዳጅ ሴል ሊቅ፤ ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎቼ ሌላ ጥያቄ አላችሁ። ዲግሪው ከአገር ቤት ነው፤ መኪና እየነዳችሁ ወይም ፓርኪንግ እየጠበቃችሁ ዓመታት አልፈዋል። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ዲግሪውን አስገምግሞ ኤፍ.ኢ. ለሚባለው የመሐንዲሶች መጀመሪያ ፈተና መቀመጥ ይቻላል። ከዚያ የሚፈጥን በር ግን አለ፤ የውሃና የፍሳሽ ማጣሪያ ኦፕሬተር ፈቃድ። በአብዛኛው የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፣ ፈተናና ልምድ ነው። ለኬሚካል ኢንጂነር ፈተናው አይከብድም። ከመሐንዲስነት ዝቅ ያለ ስም ነው ብሎ የሚያፍር ካለ፣ እትዬም የመሐንዲስ ስም አልነበራቸውም።

ባልዲና ሰዓት

የተግባር ልምምድ ላይ የሚወጣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው የፋብሪካውን ታሪክና የአሠራሩን ቅደም ተከተል ገልብጦ ሪፖርት ማስገባት ነው። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። ያ ጊዜ በሕይወታችሁ ማንም ሳይከፍላችሁ፣ ማንም ሳያዝዛችሁ ፋብሪካ ውስጥ የምትዞሩበት ብቸኛ ጊዜ ነው። ቦይለሩ ጋ ሂዱ። ምን ያህል ነዳጅ ይበላል? ምን ያህል ውሃ ይገባዋል? ስንቱ ተመልሶ ይመጣል? ያልተመለሰው የት ቀረ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የአምስተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ምግብ ዘይት ፋብሪካ ስትለማመድ አማካሪዋ ነበርኩ። የምትጽፈው ጠፍቶባት ስትደውልልኝ ይህንኑ ጥያቄ ጠየቅኋት። ከሦስት ቀን በኋላ መልሳ ደወለች። ከማሞቂያ ታንኮቹ ጀርባ የእንፋሎቱ ውሃ ወደ ቦይ ሲፈስ አይታለች። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ደቅና በስልኳ ሰዓት ያዘች፤ በ40 ሰከንድ ሞላ። በደቂቃ 30 ሊትር፣ በቀን 43 ሺህ ሊትር ማለት ነው። ውሃው 80 ዲግሪ ነበር፤ በእሱ ፈንታ ቦይለሩ የሚቀበለው 20 ዲግሪ የሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሁለታችንም ለየብቻችን አሰላነው። ያ ቦይ በቀን ከሦስት ኩንታል በላይ ጥቁር ናፍጣ ይዞ እየሄደ ነበር።

ሪፖርቷ ስምንት ገጽ ነበር። ቧንቧው ከተዘረጋና ከተመረቀች በኋላ ፋብሪካው ጠራት። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው የሥራ መደብ «የቦይለር ክፍል ረዳት» ይላል። ደውላ አነበበችልኝና «ጋሼ፣ ልቀበል?» አለችኝ። የሌሊት ፈረቃ ይኖረዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አለው አለች። ሰኞ ሥራ ጀመረች።